ሽቦው ሳይፈታ

አስማረ የስልኩን ማዞሪያ ሦስት ጊዜ አዙሮ እጀታውን ከጆሮው ሲያስጠጋ፣ ከውጭ መሰላል ከእንጨት ጋር ሲጋጭ ሰማ። በመስኮቱ ብቅ አለ። ሽቦውን እንዲፈታ ከደብረ ታቦር የተላከው የመስመር ሠራተኛ ካሳ፣ መሰላሉን በስልክ እንጨቱ ላይ አስደግፎ፣ ፒንሳውን ከመቀነቱ ሻጥ አድርጎ ቆሟል።

«ካሳ፣ ገና ስምንት ሰዓት ነው» አለው።

«አውቃለሁ። መሰላሉ እንጨቱን ይላመደው ብዬ ነው።»

አስማረ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

«ወገዳ» አለ ከሽቦው ማዶ የቻላቸው ድምፅ። «ገና በሕይወት አለን።»

«ነፋስ መውጫ» አሉ ቀጥለው አያ በላይነህ፤ ድምፃቸው ሻካራና ዝግ ያለ ነው። «አስማረ፣ ምን ፈለግህ? የቀደመው ሰዓትህ ነው ወይስ ልብህ?»

«እንዲያው መልሱን የሚያመጣው እግረኛ መጥቶ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው አያ።»

«አልመጣም። ሲመጣ እጠራሃለሁ። ምሳህን ብላ።»

ምሳውን አልበላም። ከግድግዳው ሥር፣ በአግዳሚው ላይ፣ እትዬ ታንጉት ከጧት ጀምረው ተቀምጠዋል፤ እሳቸው ፊት እህል ማላመጥ አልሆንልህ አለው።

ለዘጠኝ ዓመት ሦስቱ ስልከኞች በአንድ የብረት ሽቦ ተሳስረው ኖረዋል፤ አስማረ በእስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ቻላቸው በስማዳ ወገዳ፣ አያ በላይነህ በጋይንት ነፋስ መውጫ። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። አስማረ ግን የቻላቸውን ሳል ከመቶ ሳል ይለያል። አያ በላይነህ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ ሲያኖሩት የሚሰማውን ቀጭን ድምፅ ያውቃል። ባለቤታቸው ብርቄ ወደ ቢሮው ጎራ ካሉ የሽማግሌው አነጋገር ወዲያው እንደሚታረም ያውቃል። ቻላቸው ልጅ ሲወለድለት ከሁሉ በፊት የሰማው አስማረ ነበር፤ የሕፃኑ አያት እንኳ ከእሱ በኋላ ነው የሰሙት። የአስማረ እናት ያረፉ ዕለት ደግሞ ሁለቱ ወዳጆቹ በየጣቢያቸው እጀታውን ከጆሯቸው ሳያወርዱ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ለረጅም ጊዜ አብረውት ቆይተዋል። እንዲያ ያለ ልቅሶ መድረስ በአገሩ ታይቶ አያውቅም።

ሽቦው አንድ ስለሆነ አንዱ ሲናገር ሁለቱ ይሰማሉ። አንዱ የራሱን ጨርሶ ዘግቶ ቢሄድ ደግሞ የሌላው መልእክት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አያ በላይነህ፣ በዕድሜም በሥራም ቀዳሚው፣ ሁለት ሕግ አውጥተዋል። ማታ ሲዘጋ ሦስቱም በየተራ «እጄ ባዶ ነው» ሳይሉ ማንም ከወንበሩ አይነሣም። መልእክት የሚሰጥም ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ «ቃልዎ አለቀ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አለቀ ካለ ስልከኛው ከግርጌ «ቃሉ አለቀ» ብሎ ይጽፋል፤ ለተቀባዩም ያንኑ ያነባል።

ይህ ሁለተኛው ሕግ የወጣው ቻላቸው ለሥራው አዲስ ሳለ ነው። አንድ የእስቴ ገበሬ ስማዳ ላለው ልጁ፣ «አባትህ ሞተ እያሉ የሚያወሩትን እንዳትሰማ፣ ደኅና ነኝ» ብሎ ላከ። ቻላቸው «አባትህ ሞተ» የሚለውን ጽፎ ሳያበቃ ዝናቡ መስመሩን አቋረጠው፤ እሱም የጻፈውን ይዞ ሰጠ። ልጁ ጠጉሩን ተላጭቶ፣ ሦስት ቀን አልቅሶ፣ ለተዝካር የሚሆን ወይፈን እየነዳ እስቴ ሲደርስ፣ አባቱን አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራይ አገኘው። አስማረ እስከ ዛሬ «ወይፈኑስ?» እያለ ቻላቸውን ይጠይቀዋል። «በደስታ ተበላ» ይላል ቻላቸው፤ «ለእኔ ግን አልደረሰኝም።»

ከአንድ ወር በፊት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለሦስቱም መጣ። ሽቦው አርጅቷል፤ ለየጣቢያው ከደብረ ታቦር ለየብቻ አዲስ መስመር ይዘረጋል፤ አሮጌው ግን ጥር 13 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሦስቱም ጫፍ ይፈታ። አዲሱ መቼ ሥራ እንደሚጀምር ደብዳቤው አልተናገረም። ካሳ «ለፋሲካ ይደርሳል» ይላል፤ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ወደ ሰማይ ያያል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። እትዬ ታንጉት የሚጠብቁት መልስ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ካልመጣ የሚመጣበት ሽቦ የለም።

ልጃቸው ይታይሽ እሑድ ትዳራለች። ሙሽራው የስማዳው የአቶ ጓዴ ልጅ ነው። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል። ሁለቱ ወገኖች ዘመድ እንዳይሆኑ እንደ ወጉ ሰባት ቤት ተቆጥሯል፤ የተቆጠረው ግን በአባት በኩል ነበር። በጥምቀት ዕለት፣ ታቦት ሲሸኝ፣ አንድ ሽማግሌ፣ «የታንጉት ቅድመ አያት ከጋይንት ቤተ ልሔም የመጣች አይደለችም እንዴ? የጓዴ እናት ወገኖችም ከዚያው ናቸው። ይኼን ማን ቆጠረው?» አሉ። ማንም አልቆጠረውም ነበር። የነፍስ አባታቸው ይህን ሲሰሙ፣ «ሰባት ቤት ካልሞላ ወንድምና እህት ማጋባት ነው፤ እኔ አልባርክም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ።

ያንን ሐረግ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ በቤተ ልሔም የሚኖሩት ባልቴት መነኩሲት እማሆይ አመተ ማርያም። እትዬ ታንጉት ረቡዕ ማለዳ ጥያቄያቸውን ለአስማረ ሰጡ፤ አያ በላይነህ ተቀብለው እግረኛ ላኩ። ወገዳ ላይ ደግሞ አቶ ጓዴ ከቻላቸው ዘንድ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መልሱ ሰባት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሙሽራው አጀብ ነገ አርብ ከወገዳ ይነሣል። ከሰባት በታች ከሆነ ሠርግ የለም።

«አስማረ» አሉ እትዬ ታንጉት። «ይኼ ዕቃ የሰው ጭንቀት ሲያልፍበት ያውቀዋል?»

«አያውቀውም እትዬ።»

«ታድሎ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ይታይሽስ ምን ትላለች?» አለ አስማረ።

«ምን ትበል። ትናንት ልብስ ስታጥብ ዋለች፤ የታጠበውን መልሳ አጠበችው። ልጁን ገበያ ላይ ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ ሁለት ጊዜ ይበቃል። ማታ፣ ‹እማዬ፣ ዘመዴ ሆኖ ከተገኘ እስከ ዛሬ የወደድኩት ኃጢአት ይሆንብኛል?› አለችኝ። እኔ ቄስ ነኝ? ተኚ አልኳት።»

አስማረ መዝገቡን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ቀጥ አድርጎ አኖረው። ቀጥ ብሎ የነበረ ነው፤ ግን እንደገና ቀጥ አደረገው።

ስምንት ተኩል ሲሆን ደወሉ ጮኸ።

«መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳ፣ ሁለታችሁም ያዙ» አሉ አያ በላይነህ፤ ሲያለከልኩ ይሰማል። «እግረኛው ገብቷል። ጻፉ። ‹እማሆይ አመተ ማርያም ቆጥረዋል። ስድስት ቤት።›»

አስማረ ጻፈ። ቀና ሲል እትዬ ታንጉት ቆመው አገኛቸው።

«ስንት?»

«ስድስት።»

«ስድስት» አሉ፣ የሰው ስም እንደሚያስታውስ ሰው። በሽቦው ውስጥ አግዳሚ ሲንቋቋ፣ ከዚያም ቻላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ «አይዞዎት፣ አቶ ጓዴ» ሲል ተሰማ። እትዬ ታንጉት ነጠላቸውን አጣፉ። «እንግዲህ እንግዳ ሳይመጣ ዳሱን ላስፈርስ። እግዜር ይስጥህ አስማረ፤ አንተ ምን ታደርግ» ብለው ወጡ።

ሽቦው ላይ ለጥቂት ጊዜ ነፋስ ብቻ ቀረ።

«ዘጠኝ ሊሆን ነው ልጆች» አሉ አያ በላይነህ። «የመጨረሻችን ነው፤ በወጉ እንዝጋ። ነፋስ መውጫ፤ እጄ ባዶ ነው።»

«ወገዳ፤ እጄ ባዶ ነው» አለ ቻላቸው። ቀልድ አልጨመረበትም። አስማረን ከሁሉ በላይ የከፋው ይኸው ነበር።

የእሱ ተራ ደረሰ። ከትምህርት ቤቱ የዘጠኝ ሰዓት ደወል ተደወለ፤ ውጭ መሰላሉ አንድ ጊዜ ሲጥ አለ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። ካሳ እየወጣ ነው። አስማረ ሊናገር አፉን ከፍቶ፣ እንደ ዘወትር ልማዱ መዝገቡን በዓይኑ ከላይ እስከ ታች ቃኘው። ጠያቂው፣ ተቀባዩ፣ ሰዓቱ፣ መልሱ። ከመልሱ ግርጌ ምንም የለም።

«አያ በላይነህ።»

«እ?»

«‹ቃሉ አለቀ› አላሉም።»

«ምን አልክ?»

«ከግርጌው ባዶ ነው። እግረኛውን ‹ቃላቸው አለቀ?› ብለው ጠይቀውት ነበር?»

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አያ በላይነህን በራሳቸው ሕግ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አስማረ፣ መናገሬ ደግ ነው ወይስ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ከማዶ መነጽሩ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ተሰማ።

«አልጠየቅሁም» አሉ ሽማግሌው። «ሰዓቱ አሯሯጠኝ። ቆይ፣ ሰውየው ደጅ ነው።»

መሰላሉ ድምፁን አቆመ። አስማረ በመስኮቱ ሲያይ ካሳ ጫፍ ደርሷል፤ እያንጎራጎረ ፒንሳውን ከመቀነቱ እየመዘዘ ነው። አስማረ «ካሳ፣ ቆይ» አለ፤ ድምፁ ግን ከመስኮቱ እልፍ አላለም። የእጀታው ገመድ አጭር ነው፤ ጥሎት ቢወጣ አያ በላይነህ ሲመለሱ የሚሰማቸው የለም። ፒንሳው አፉን ከፈተ።

«በሕግ አምላክ!»

ይህ ቃል የተነሣበት ሰው፣ ሌባም ይሁን ደጃዝማች፣ ባለበት ይቆማል። አስማረ በሕይወቱ ተናግሮት አያውቅም፤ ሲናገረውም ራሱ ደነገጠ። ካሳ ፒንሳውን እንደከፈተ፣ አንድ እጁን እንደዘረጋ ቀጥ አለ።

«በእኔ ላይ ነው?» አለ ከላይ።

«በአንተ ላይ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ታዲያ ልውረድ ወይስ እዚሁ እንዳለሁ ይፈረድብኛል?»

«እዚያው ሁን። ሽቦውን ብቻ አትንካው።»

እጀታው ውስጥ የአያ በላይነህ ድምፅ ተመለሰ። «አስማረ፣ ጠየቅሁት። እማሆይ በጣታቸው እየቆጠሩ ስድስተኛዋ ላይ ሲደርሱ የጸሎት ደወል ተደወለ። ‹ቆየኝ፣ እመለሳለሁ› ብለውት ገቡ። ጸሎቱ ረዘመ። እሱም ሽቦው በዘጠኝ ሰዓት ይፈታል ብዬው ስለነበር የሰማውን ይዞ ሮጠ። ‹ስድስት ብለዋል› አለኝ። አልዋሸም።»

«እንግዲያው ስድስት የቆጠራው መጨረሻ አይደለም።»

«የቆሙበት ነው። የሚቀጥለው ስም ይኑር አይኑር እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት።»

«አያ» አለ ቻላቸው በመሐል፣ «አቶ ጓዴ ወጥተዋል። በቅሎዎቹን አራግፉ ሊሉ ነው የሄዱት።»

«ሩጥ እንጂ፣ ምን ታወራለህ።»

«እጄ ባዶ ነው ብዬ የለ?»

«መልሰህ ውሰደው።»

«ወስጃለሁ» አለ ቻላቸው። የጣለው እጀታ ግድግዳውን ቀጭ፣ ቀጭ ሲያደርገው ለሁለቱ ይሰማቸው ነበር።

አስማረ እትዬ ታንጉትን አሰበ። እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ መንገዱን ግራ ቀኝ አየ፤ አልታዩትም።

«ማንን ነው?» አለ ካሳ ከላይ።

«እትዬ ታንጉትን። ከእንጨቱ ላይ ይታዩሃል?»

«ከዚህማ የእስቴ ሰው ሁሉ ይታየኛል። ከገበያው ማዶ ደርሰዋል።»

«ጥራልኝ፣ እባክህ።»

ካሳ ድምፅ አልጎደለበትም። «እትዬ ታንጉት! ዳሱን እንዳይነኩት ይላል ስልከኛው! ቆጠራው አላለቀም ይላል!» እያለ ሦስት ጊዜ ተጣራ። በገበያው መንገድ የሚሄደው ሰው ሁሉ ቆሞ ወደ ስልክ እንጨቱ አንጋጠጠ።

እትዬ ታንጉት ተመልሰው መጡ። አስማረ የሆነውን ነገራቸው። «ሰባት ሊሆን ይችላል፤ ስድስትም ሆኖ ሊቀር ይችላል። አላውቅም፤ አለቀ ስላልተባለ ነው» አላቸው። ተስፋ እንዳይሰጥ ተጠንቅቆ ነው የተናገረው፤ እሳቸው ግን አግዳሚው ላይ ጠዋት ከተቀመጡበት ቦታ ተመልሰው ተቀመጡ።

እጀታውን ሲያነሣ፣ «ማን ይሂድ?» ይላሉ አያ በላይነህ። «ሰውየው እግሩ ተልጧል።»

ከበስተጀርባቸው የሴት ድምፅ መጣ። አንድ ነገር በቁጣ ተናግሮ ራቀ።

«ብርቄ ናት» አሉ አያ በላይነህ። «‹ባልቴት ጸሎት እስክትጨርስ መጠበቅ ያቃተው ወንድ ምን መልእክተኛ ይባላል› አለች። በቅሎዬን እየጫነች ነው። በቅሎ ሳይመሽ ታደርሳታለች፤ እዚያው አድራ ነገ እስከ ሦስት ሰዓት ትመለሳለች። አስማረ፣ ትእዛዙ ግን ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚለው። እጅ ባዶ እስኪሆን ሽቦ አይዘጋም የሚለው የእኛ ሕግ ነው እንጂ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። ይኼን ታውቃለህ?»

አስማረ ያውቃል። ከትእዛዝ አንዲት ደቂቃ አሳልፎ አያውቅም፤ ከሦስቱ ጣቢያ የእሱ መዝገብ ነው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ለሌሎች ምሳሌ የሚሆነው። እጀታውን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረ።

«መካነ ኢየሱስ» አለ። «እጄ ባዶ አይደለም።»

«ነፋስ መውጫ፤ የእኔም ባዶ አይደለም።»

ቻላቸው እያሳለ ተመለሰ። «አንዷን በቅሎ አራግፈው ደረስኩ። ወገዳ፤ እጄ ላይ አቶ ጓዴ አሉ፤ ከባድ ሰው ናቸው።»

ካሳ ከመሰላሉ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። «ካሚዮኑ ነገ ስድስት ሰዓት ይመጣል» አለ። «የከተማውን ሽቦ ጠቅልዬ ካልጠበቅሁት የሚጠቀልሉት እኔን ነው።»

«ነገ እኔ አግዝሃለሁ፤ አብረን እንጠቀልለዋለን።»

«በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ምን ምርጫ አለው?» አለ ካሳ፤ እትዬ ታንጉትን አየት አድርጎ ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

አርብ ጧት እትዬ ታንጉት ይታይሽን አስከትለው መጡ። የልጅቱ እጆች ከማጠብ ብዛት ቆዳቸው ተሸብሽቧል። ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ስልኩን ሳይሆን የአስማረን ጀርባ ትመለከት ጀመር። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። ሁለቱም ጣቢያ በሽቦው ላይ መኖራቸው ይታወቃል፤ ቻላቸው አልፎ አልፎ ያስላል።

ደወሉ ሲጮኽ የመጣው የሴት ድምፅ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ብርቄ። እጀታውን እምቢ ብዬ ነው የቀማሁት፤ ወንዶች ቃል ትቆርጣላችሁ። ትሰማላችሁ?»

«እንሰማለን እትዬ» አሉ አስማረና ቻላቸው በአንድነት።

«እማሆይ ከደወሉ በኋላ ሲወጡ ሰውየውን አጥተው ሲናደዱ ነው የዋሉት። ማታ ከእሳት ዳር አስቀምጠው ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። ሴቷን በሴት፣ ወንዱን በወንድ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የት እንደተቀበረ ሁሉ። ስድስተኛዋ ባልቴት እናት ነበራት፤ እሷም አባት ነበራት። የሁለቱ ወገን ግንድ የሚገናኘው እሱ ላይ ነው። ስምንተኛው ላይ። ስምንት ቤት። ሰባቱ ሞልቶ አንድ ተርፏል።»

አስማረ ጻፈ። ጆሮው ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ «ተመስገን» አለ፤ አቶ ጓዴ መሆን አለባቸው። አስማረ ግን ወደ አግዳሚው አልዞረም፤ ገና ነው።

«እትዬ ብርቄ፣ ቃላቸው አለቀ?»

«አላለቀም፤ ምርቃት አለው። ‹እንደ ቤተ ልሔም ድጓ የማያረጅ ትዳር ይስጣችሁ። የምትወልዱት ልጅ ዘሩን የሚቆጥር ይሁን።› ይኼው ነው። አሁን አለቀ።»

«አለቀ ያሉት ራሳቸው ናቸው?»

«ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው። በሦስተኛው ‹አንቺ ሴትዮ፣ አለቀ አልኩሽ እኮ› አሉኝ።»

አስማረ ከግርጌው «ቃሉ አለቀ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ነው ዞሮ ለእናትና ልጅ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች፣ ምርቃቱን ሳይቀር፣ ያነበበላቸው። እትዬ ታንጉት እልል አላሉም። መጥተው የስልኩን ሣጥን በመዳፋቸው አንዴ ዳበስ አደረጉት፤ የታመመ ልጅ ግንባር ነክቶ ትኩሳቱ እንደለቀቀው እንደሚያይ ሰው። ይታይሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ቆየች። ስትገልጠው፣ «እማዬ፣ እንሂድ፤ ሥራ አለ» አለች። በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰችና ለአስማረ እስከ መሬት እጅ ነሣች።

ሲወጡ ሽቦው ላይ ሦስቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«አስማረ» አለ ቻላቸው። «አዲሱ መስመር እስኪመጣ ሥራ ፈት ነኝ። አቶ ጓዴ በቅሎ ሰጥተውኛል፤ ከአጀቡ ጋር አሁን እንነሣለን፤ አንድ ዕረፍት ቀንሰን እንደርሳለን። እሑድ ዳስ ውስጥ የሚያስል ሰው ካየህ እኔ ነኝ።»

«በመልክህስ ልወቅህ?»

«መልኬንማ ተወው፤ በሳሌ ብታውቀኝ ይሻላል።»

አያ በላይነህ ሳቁ። ሲስቁ ተሰምቶ የማያውቅ ነበር፤ ወይም እስከ ዛሬ እጀታውን ራቅ አድርገው ነበር የሚስቁት። «እኔ እንኳ ጉልበቴ አያደርሰኝም» አሉ። «ተገናኝታችሁ ስትበሉ አንድ ጉርሻ በእኔ ስም ተጎራረሱ። በሉ ልጆች፣ ካሚዮን ይጠብቃል። ነፋስ መውጫ፤ እጄ ባዶ ነው።»

«ወገዳ፤ እጄ ባዶ ነው። በቅሎው ግን ተጭኗል።»

«መካነ ኢየሱስ» አለ አስማረ። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አየ፤ የቀረ ነገር ፈልጎ አጣ። «እጄ ባዶ ነው።»

ማንም ቶሎ አልዘጋም። በመጨረሻ አያ በላይነህ «ሕግ ነው» አሉና ዘጉ፤ ቻላቸው አንድ ጊዜ አስሎ ተከተላቸው። አስማረ በመስኮቱ ራሱን ነቀነቀ፤ ካሳ ፒንሳውን ጨበጠ። ሽቦው ተፈትቶ ወደ መሬት ሲወርድ እንደ ክራር ጅማት አንድ ጊዜ ጮኸ። አስማረ እጀታውን እንደገና አንሥቶ አዳመጠ። የድሮው ነፋስ እንኳ አልነበረም።

እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ድረስ ሁለቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሽቦውን ጠቀለሉ። ከዚያም ካሳ ከካሚዮኑ ጋር የሚመለሰውን የታተመ ወረቀት አመጣ፤ መስመሩ የተፈታበት ቀንና ሰዓት፣ ምክንያት፣ የስልከኛው ፊርማ።

«ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ብለህ ጻፍ» አለው። «እኔም አብሬህ እፈርማለሁ። ማን ያየናል?»

አስማረ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

«ለመሆኑ» አለ ካሳ፣ «የወገዳውና የነፋስ መውጫው ምን ይጽፋሉ? ሦስቱ ወረቀት ከተለያየ ሦስታችሁም ናችሁ የምትጠሩት። ተነጋግራችኋል?»

አልተነጋገሩም። ስለ ባልቴቷ፣ ስለ በቅሎው፣ ስለ ሳሉ ሲያወሩ ይህን ረስተውት ነበር። አስማረ ሳያስበው ወደ ስልኩ እጁን ሰደደ፤ ከዚያ ሰበሰበው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እነሱን ሳይጠይቅ የወሰነው ነገር ትዝ አላለውም። ቻላቸው አሁን መንገድ ጀምሯል፤ ወረቀቱን ሰጥቶ ነው የሄደው። አያ በላይነህ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለሁለቱ ስልከኞች ፈርተው ሐሙስ ብለው ይጽፉ ይሆን? ቻላቸውስ ለአስማረ ብሎ? እያንዳንዱ ስለ ሌላው ብሎ መዋሸት ከጀመረ ስንት ዓይነት ሰዓት ይጻፋል። ዘጠኝ የሚል ይኖራል፣ አሥር የሚል ይኖራል። ሳይነጋገሩ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሊጽፉት የሚችሉት የሆነውን ብቻ ነው።

ቀለሙ በብዕሩ ጫፍ እየደረቀ ነበር። እንደገና ነከረና ጻፈ፤ «አርብ፣ ጥር 14 ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ምክንያት፤ መልእክት መንገድ ላይ ስለነበረ።»

ካሳ በትከሻው በኩል አነበበው። «እነሱ ሐሙስ ብለው ቢጽፉስ?»

«አርብ ነው የሚጽፉት» አለ አስማረ፤ ፈረመና ወረቀቱን ሰጠው።